እግር ያወጣች ድንጋይ

በዱይታማ የብረት ፋብሪካ በር ላይ ተራ አስከባሪ የለም፤ ድንጋይ ነው ያለው። ከበሩ ጀምሮ እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ግንብ ድረስ፣ በመንገዱ ዳር፣ ዳቦ ዳቦ የሚያካክሉ ድንጋዮች ተሰልፈው ይውላሉ። እያንዳንዱ በመኪናው ቀለም ተቀብቶ የመኪናው ስም ተጽፎበታል። ባለመኪናው መኪናውን ባህር ዛፉ ስር ያቆምና ድንጋዩን ከመጨረሻው ድንጋይ ኋላ ያስቀምጣል። ከዚያ ወዲያ ቢበላም፣ ቢተኛም፣ ጎሚስታ ዘንድ ሄዶ ቢያረፍድም ድንጋዩ ሰው ሆኖ ይጠብቅለታል። በሩ ስር አንድ ጠፍጣፋ ሲሚንቶ አለ፤ ድንጋዩ እዚያ የደረሰለት ሰው ገብቶ ይጭናል። የሰው ድንጋይ የሚነካ የለም። ባለቤቱ ከሌለ ቦታው ክፍት ሆኖ ይቆየዋል። ሚስት የታመመችበት ወይም ሐዘን የገባበት ሰው ሲኖር ግን፣ ባለመኪናዎቹ በሙሉ ተሰብስበው እያንዳንዱ በአፉ "ይሁን" ካለ፣ የዚያ ሰው ድንጋይ ካለበት ተነስቶ ጠፍጣፋው ላይ ይቀመጥለታል። ይህ ሕግ የትም አልተጻፈም። የተጻፈ ሕግ ለማን እንደሚያደላ ባለመኪና ሲያየው ኖሯል።

ከዚህ ሁሉ ድንጋይ መጨረሻ፣ ግንቡ ስር፣ ሁልጊዜ አንዲት ሰማያዊ ድንጋይ አለች። "ቃል አክባሪዋ" ይላል ጽሑፏ። የዶን ካምፖ ኤልያስ ሲያቾኬ ናት። ከእሷ ኋላ ድንጋይ ያኖረ የለም፤ አዲስ የሚመጣ ሁሉ ከፊቷ ነው የሚገባው። ካምፖ ኤልያስ ሁሉም ጭኖ ሲያበቃ የተረፈውን ይጭናል። የሚተርፈው ደግሞ ማንም የማይፈልገው ነው፦ ጎርፍ መንገዱን ወደሚቆርጥበት ወደ ምሥራቁ ሜዳ የሚወርድ የተጣመመ ፌሮ፣ አለዚያም ባዶ በርሜል። ባዶ በርሜል እየተንኳኳ የአገሩን ተራራ ሲወጣ ከሩቅ የሚሰሙት ሰዎች "እግረ ድንጋይ መጣ" ይላሉ። እግረ ድንጋይ ቅጽል ስሙ ነው።

ባለመኪና ሲባል ሀብታም የሚመስለው ሰው አለ። ሞኝ ነው። መኪናው ያንተ ነው፤ ናፍጣው፣ ጎማው፣ ኬላው፣ የፈረሰው ድልድይም ያንተ ነው፤ የጭነቱን ዋጋ የሚቆርጠው ግን ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ሰው ነው። ካምፖ ኤልያስ ይህን እያወቀ ነው የገባበት። በወጣትነቱ ከአጎቱ ጋር ድንች ሲጭን አደገ፤ ሲያገባ ሚስቱ ኦሊቫ ከአባቷ የወረሰቻቸውን ላሞች ሸጣ ይህችን መኪና ገዙ። መኪናዋ ያኔም አሮጌ ነበረች። ኦሊቫ "ላሞቼ ወተት ይሰጡ ነበር፤ ይህቺ ጭስ ብቻ" እያለች ስታሾፍበት ኖራለች። ስሙን ያወጣችላት ግን ራሷ ናት። ካምፖ ኤልያስ ባለው ሰዓት ይደርስ ነበርና።

እንዲህ ሰው አክብሮት የሚኖር ሹፌር እንዴት መጨረሻ ድንጋይ ሆነ ብትሉ፣ ነገሩ ከአበልጁ ከሚሳኤል ሴሊ ይጀምራል።

የሚሳኤልን ልጅ ዊልማርን ክርስትና ያነሳው ካምፖ ኤልያስ ነው። ሁለቱ አበልጆች በአንድ ሰሞን መኪና ገዝተው፣ በአንድ ድስት በልተው፣ አንዱ መንገድ ላይ ሲበላሽ ሌላው ጭነቱን ጥሎ እየተመለሰ የኖሩ ናቸው። ሲነጋገሩም "ሱመርሴ" ይባባሉ ነበር። ሱመርሴ የዚያ የቦያካ አገር ሰው አንቱታ ነው፤ ግን ከአንቱታ ይሞቃል። እናት ለጨቅላ ልጇ ትለዋለች፣ ሽማግሌ ለሚስቱ ይለዋል። ሰው ሲቀየም መጀመሪያ ከአፉ የምትጠፋው ይህችው ቃል ናት።

እናም ትልቁ አድማ መጣ። የጭነት ዋጋ ወርዶ ወርዶ ናፍጣውን እንኳን መሸፈን ሲያቅተው፣ ባለመኪናዎቹ መጫን አቆሙ። ድንጋዮቹ እንዳሉ ይቀመጡ፣ ዋጋው እስኪስተካከል ድረስ አንዲት ፌሮ ከዚህ በር አትወጣም ተባለ። የሚሳኤል ቀይ ድንጋይ ያን ጊዜ ጠፍጣፋው ላይ ነበረች፤ የካምፖ ኤልያስ ሰማያዊ ከመሃል። አድማው ሲጀመር ካምፖ ኤልያስም ሸራ ዘርግቶ፣ ድንች ቀቅሎ፣ ከሰው እኩል ቆሟል። ከዚያ የኦሊቫ ኩላሊት ተነሳባትና ይዟት ወደ ቱንሃ ሆስፒታል ሄደ። እዚያ አልጋዋ ሥር ወንበር ላይ እያደረ ከረመ።

ሐኪሙ "ተርፋለች" ያለው ዕለት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ዱይታማ መጣ። ለአበልጁ ሊነግረው ነው የቸኮለው። ጉም ነበር፤ ሰው ሁሉ ጋቢናው ውስጥ ተኝቷል። በሩ ጋ ሲደርስ ጠፍጣፋው ላይ የራሱን ሰማያዊ ድንጋይ አገኛት።

ባርኔጣውን አወለቀ። አለቀሰ ቢባልም ውሸት አይደለም። አድማው አልቋል ማለት ነው፤ ወንድሞቼ ተሰብስበው፣ አንድ በአንድ "ይሁን" ብለው፣ ለኦሊቫ ሲሉ አስቀድመውኛል አለ በልቡ። የሚቀሰቅሰውና የሚጠይቀው ሰው አልፈለገም፤ ደክሟቸዋል፣ ይተኙ ብሎ አዘነላቸው። የፋብሪካው በረኛ ከውስጥ አጮልቆ አየው።

"የጠፍጣፋው ባለተራ! ግባ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?" አለው፤ ጥርሱ ሁሉ ይታይ ነበር።

ካምፖ ኤልያስ ድንጋዩን አንስቶ፣ መኪናውን አስነስቶ ገባ፤ ጭኖም ወጣ። የሞተሩ ድምፅ የቀሰቀሳቸው ሰዎች ዓይናቸውን እያሹ ያዩት ፌሮ ተጭኖ ሲሄድ የመኪናዋን ጀርባ ነው። አንዱ "እሱ ከጫነ እኔ ማንን እጠብቃለሁ?" አለ። ሌላውም ተከተለ። እኩለ ቀን ሳይደርስ አድማው እንደ እርጥብ ወረቀት ተቀደደ፤ የጭነቱም ዋጋ ከበፊቱ ይብስ ወረደ። ብዙ ሰው በዚያ ዓመት መኪናውን ለብረት አቅላጭ ሸጠ።

ካምፖ ኤልያስ ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ ሰዎቹ በሩ ላይ ቤንዚን ይዘው ጠበቁት።

"ድንጋዬን ጠፍጣፋው ላይ ነው ያገኘኋት" አለ።

"እግር አውጥታ ሄደች በለና!"

"የአበልጅህንስ ድንጋይ ወደ መሃል ማን ወሰደው? ያንተዋ ወደ በሩ ስትሄድ መንገድ ላይ አግኝታ ሸኘችው?"

እውነትም የሚሳኤል ቀይ ድንጋይ የካምፖ ኤልያስ ድንጋይ የነበረችበት መሃል ቦታ ላይ ተቀምጣ ነበር። አድማ ሰባሪ ብቻ አይደለም፣ የአበልጁን ተራ የሰረቀ ነው ተባለ። ካምፖ ኤልያስ ወደ ሚሳኤል ዞረ።

"አበልጄ፣ ሱመርሴ እንኳን ይናገሩ እንጂ። እኔ የእርሶን ድንጋይ እነካለሁ?"

ሚሳኤል ጫማውን ሲያይ ቆየ። ፊቱ አመድ መስሏል። በመጨረሻ ለሰዎቹ "መኪናውን አታቃጥሉ። ድንጋዩንም ወንዝ አትጣሉበት። ሚስቱ ታማለች። መጨረሻ ይሁን፣ ሁልጊዜ መጨረሻ ይሁን፤ ይበቃዋል" አለ። የሰው ድንጋይ የነካ ሰው ድንጋዩ ቺካሞቻ ወንዝ ይጣላል፤ ከዚያ በኋላ እሱም ልጁም ከዚያ በር አይጭኑም። ስለዚህ የሚሳኤል ንግግር ለሁሉም ትልቅ ምሕረት መሰለ። "ተሰርቆ እንኳን ያዝናል፤ ጻድቅ ሰው" አሉ። ሚሳኤል ቀና ሳይል ወደ አበልጁ ዞረና፣

"ሂድ በቃ" አለው። "ወደ ቤትህ ሂድ።"

ሂድ ነው ያለው። ይሂዱ አይደለም። ካምፖ ኤልያስን ከቤንዚኑ ይልቅ ይህች ቃል አቃጠለችው።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ከዚያ ወዲያ ካምፖ ኤልያስ በተራው ውስጥ ሲያልፍ "ዛሬስ ድንጋይህ በእግሯ መጣች ወይስ ጭነሃት?" የማይል አልነበረም። አንዱ በሚስማር የመኪናዋን ፓራውልት ጫረና "ቃል አክባሪዋ" የሚለውን "ቃል አባይዋ" አደረገው። ካምፖ ኤልያስ መልሶ ቀባው። በሹፌሮች ጠባቂ በካርመን እመቤታችን በዓል መኪናዎቹ አበባ ለብሰው ሲሰለፉ እሱ ጭራ ነው፤ ቄሱ ከፊት ጀምረው ጠበል እየረጩ እሱ ጋ ሲደርሱ ባልዲው ያልቃል፣ እሳቸውም ደረቁን መርጫ ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ። ኦሊቫ አንድ ዓመት ተናደደችና ከቤቷ በጀሪካን ውሃ ይዛ መጥታ "አባቴ፣ ይቺን ይባርኩልኝና ለኛም ይድረሰን" አለቻቸው። ቄሱ አፈሩ። ባረኩላት።

ከሁሉ የከፋው ግን የክርስትና ልጁ ነው። ዊልማር አድጎ፣ አባቱ መንዳት ሲያቅተው ቀይዋን መኪና ተረከበ። ልጅ ሆኖ ካምፖ ኤልያስ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ከረሜላ የሚበላ ነበር። አሁን ባህር ዛፉ ስር ጓደኞቹን ሰብስቦ "አንተ እግረ ድንጋይ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ተራ ልትሰርቅ አሰብክ?" ይለዋል። ይስቃሉ። ካምፖ ኤልያስ ሩአናውን፣ ያን የሱፍ ካባውን፣ ትከሻው ላይ አስተካክሎ ወደ ግንቡ ይሄዳል። መልሱን አንዴ ተናግሮታል፣ ማንም አላመነውም። ሚሳኤልም ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኘው አንገቱን ከመነቅነቅ በቀር ሱመርሴ ብሎት አያውቅም። ሰው "ቢቀየም ነው፣ ሐቁ ነው" ይላል። ካምፖ ኤልያስም እንደዚያው ነበር የሚያስበው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሚሳኤል ሚስት ዶኛ ኤርሚንዳ እነ ኦሊቫ ቤት መጣች። ለብዙ ዓመት ደጃቸውን አልረገጠችም። አልቀመጥም ብላ በሩ ላይ ቆመች።

"ሚሳኤል ሳምባው እያበቃ ነው" አለች። "አበልጁን ጥሩልኝ ይላል።"

"አሁን ገና አበልጅነቱ ትዝ አለው?" አለች ኦሊቫ። ካምፖ ኤልያስ ግን ንጹሕ ሩአናውን ለብሶ ወጥቶ ነበር።

ሚሳኤልን ትራስ ተደግፎ፣ አልጋው ላይ እንደ ሕፃን አንሶ አገኘው። አጠገቡ ዊልማር ተቀምጧል። ካምፖ ኤልያስን ሲያይ ፊቱን አዞረ። ሚሳኤል ልጁን "ሂድና ትኩስ የፓኔላ ስኳር ውሃ አምጣልኝ፣ አፍላው፣ አትቸኩል" ብሎ አስወጣው። በሩ እስኪዘጋ ጠበቀ።

"ሱመርሴ፣ ይቀመጡ" አለ።

ካምፖ ኤልያስ ሳያስብ ተቀመጠ።

"ያቺን ድንጋይ እኔ ነኝ ያነሳኋት" አለ ሚሳኤል። "ስምምነቱ ሊፈረም ነው የሚል ወሬ መጥቶ ሰው ሁሉ ከትራንሲቶ መጠጥ ቤት አረቄ ሲጠጣ፣ እኔ ሹልክ ብዬ ድንጋያችንን አቀያየርኩ። በሩ ሲከፈት እርሶ እንዲቀድሙ፣ ለዶኛ ኦሊቫ መድኃኒት እንዲሆን። ጠዋት ተነስቼ በሰው ፊት ልናገርና 'ይሁን' ላስብል ነበር። ከዚያ ተመልሼ እኔም ጠጣሁ። አረቄው ጣለኝ። ስነሳ እርሶ ጭነው ሄደዋል፣ ሰው ቤንዚን ይዟል።"

ካምፖ ኤልያስ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

"ትንሽ ይብረዱና እናገራለሁ አልኩ።"

"እስከ ዛሬ አልበረዱም?" አለ ካምፖ ኤልያስ።

ሚሳኤል ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። ሲያባራለት ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። "የመጀመሪያዋን ሰዓት ዝም አልኩ። ከዚያ ሁለተኛዋ ከመጀመሪያዋ ከበደችኝ። ጻድቅ ሲሉኝማ ጭራሽ አፌ ተያዘ።"

"ሱመርሴ ማለቱንስ ለምን ተዉት? እኔ እኮ ድንጋዩን ሳይሆን እሱን ነው ያጣሁት" አለ ካምፖ ኤልያስ።

"በምን አፌ ልበል? ያቺን ቃል ውሸት ምላስ ስር አስቀምጦ አይሏትም። ሞከርኩ። አልወጣም አለችኝ።" ሚሳኤል እጁን ከብርድ ልብሱ አወጣ። "አሁን ዊልማር ሲመጣ በፊቱ እናገራለሁ። እሱ ለተራው ይንገር።"

የዊልማር እግር ኮቴ ከኮሪደሩ ተሰማ። በሩ ተከፈተ፤ ኩባያው በእጁ ይተናል። ሚሳኤል "ልጄ፣ ና ስማ" አለ። ካምፖ ኤልያስ ለምን እንዳደረገው ኋላም በደንብ አላወቀውም፤ ተነስቶ ኩባያውን ከዊልማር ተቀበለና "ይጠጡ አበልጄ፣ ሲቀዘቅዝ አይረባም" ብሎ አፉ ላይ ያዘለት። ሚሳኤል ጠጥቶ ሲያበቃ አበልጁን አየና፣ ቀስ ብሎ "እንግዲህ የሱመርሴ ጉዳይ ነው" አለው። ከዚያ ሌላ አልተነጋገሩም።

ሲወጣ ግን ደግነቱ አብሮት አልወጣም። መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋና መሪውን በቡጢ መታው። ስንት ክረምት በጎርፍ መሃል፣ ስንት ጊዜ ሰው በማይሄድበት ገደል፣ ስንት "እግረ ድንጋይ"፤ ሁሉም ለዚህ? ለአንድ ብርጭቆ አረቄ? አበልጁን ጠላው። ወዲያው ደግሞ የራሱን ቦታ ሰጥቶት እንደነበር ትዝ አለው፤ ያን ጊዜ ጠፍጣፋው ላይ ቆሞ ያለቀሰለት ፍቅር ከሁሉም ሳይሆን ከአንድ ሰው የመጣ ነበር። መጥላቱም መውደዱም እኩል አቃጠሉት።

ሚሳኤል በሳምንቱ ሞተ። ኦሊቫ ከቀብር ሲመለሱ ከባሏ የሰማችውን በሆዷ መያዝ አቃታት።

"ነገ ተራው ሁሉ ይሰበሰባል፤ ይናገሩ!" አለች። "እኔ ገበያ ድንች ስመርጥ 'የእግረ ድንጋይ ሚስት፣ ድንቹ እግር የለውም፣ አይሮጥብሽም' ስባል የኖርኩ ሰው ነኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉኝ ነበር። ይኸው ነጋ!"

"ብናገር ድንጋዩን ወንዝ ይጥሉታል።"

"ይጣሉታ!"

"ድንጋዩ አሁን የዊልማር ነው። በምን ይጭናል? ኤርሚንዳ በምን ትበላለች?"

"ዊልማር! በእርሶ ላይ ሲሳለቅ የኖረው?"

"ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ" አለ ካምፖ ኤልያስ።

"ከመቃብር በላይ ስም ነው ይላሉ" አለች ኦሊቫ፤ ድምጿ ተሰበረ። "የሱ ስም መቃብሩ ላይ ቆሞ ይቅር፣ የኛስ? የኛ መቼ ነው የሚነሳው?"

ካምፖ ኤልያስ "ነገ አብረን እንሂድ" አለ ብቻ።

በዱይታማ ተራ የሞተ ባለመኪና አንድ የመጨረሻ ጭነት አለው። ድንጋዩ ካለበት ተነስቶ ጠፍጣፋው ላይ ይወጣል፤ ድንጋዩን የሚያነሳው አበልጁ ነው። በዚያ ድንጋይ ገብቶ የሚጭነውም የአበልጁ መኪና ነው፤ የጭነቱ ዋጋ ለመበለቲቱ ይሆናል። ሚሳኤል ከካምፖ ኤልያስ በቀር በተራው ውስጥ አበልጅ አልነበረውም።

ሰው ሁሉ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሁለት ወገን ቆሟል። ዶኛ ኤርሚንዳ ጥቁር ለብሳ በሩ አጠገብ ናት። ኦሊቫ ጋቢና ውስጥ ሆና በመስኮት ታያለች። ካምፖ ኤልያስ ወደ ቀዩ ድንጋይ ሲጠጋ ዊልማር ከፊቱ ገተር አለ።

"አንተ አትነካውም" አለ። "በሕይወት ሳለ የሰረቅከው ይበቃል።"

ጉምጉምታ ተነሳ። "እውነቱን ነው" አለ አንዱ። "ሕግ ነው፣ አበልጁ ነው" አለ ሌላው። ካምፖ ኤልያስ ቆመ። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ ሃምሳ ሰው ይሰማዋል፣ ነገ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ኦሊቫን ቀና ብሎ አያት። በመስኮቱ ብረት ላይ እጇን ጨብጣ ትጠብቃለች።

"ዊልማር" አለች ኤርሚንዳ። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፤ ካምፖ ኤልያስን ግን ዓይኑን ማየት አልቻለችም። "አበልጁ ካልነካው ማን ይንካው? ዘወር በል ልጄ።"

ዊልማር ዘወር አለ። ካምፖ ኤልያስ ጎንበስ ብሎ የሚሳኤልን ድንጋይ አነሳ። ከባድ አልነበረም። ይዞት በሰዎቹ መሃል ሲሄድ ከኋላ አንድ ድምፅ፣

"ዛሬ ደግሞ ለሰው ድንጋይ እግር ሆንክ!" አለ።

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ፤ ሌላው "ዝም በል፣ ሐዘን ነው" አለው። ካምፖ ኤልያስ እርምጃው ተደናቀፈበት፤ ያ ጅል እንዴት ያለ እውነት እንደተናገረ አያውቅም። ድንጋዩን ጠፍጣፋው ላይ አስቀምጦ አቧራውን በሩአናው ጫፍ ጠረገለት።

ዊልማር ተከትሎት መጥቶ ነበር።

"አባቴ ያን ቀን እኔን አስወጥቶ ምን አለህ?" አለ። "እስኪሞት ድረስ ጠየቅኩት፤ 'እሱን ጠይቀው' ነው የሚለኝ።"

ተራው ሁሉ ጠጋ አለ። በረኛው እንኳን አንገቱን አወጣ።

ካምፖ ኤልያስ ቀዩን ድንጋይ አየ። ከዚያ ሩቅ፣ ግንቡ ስር፣ ብቻዋን የተቀመጠችውን ሰማያዊ ድንጋይ አየ። ደክሞት ነበር፤ በጣም ደክሞት ነበር።

"ሱመርሴ አለኝ" አለ።

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም። ሱመርሴ፣ ይቀመጡ አለኝ። ተቀመጥኩ።"

ኦሊቫ ጋቢናው ውስጥ አፏን በሩአናዋ ያዘች። ኤርሚንዳ ማልቀስ ጀመረች፤ በቀብሩ ዕለት እንኳን እንደዚያ አላለቀሰችም። ዊልማር አባቱ ያቺን ቃል ለዚህ ሰው ስንት ዓመት እንደነፈገው ያውቃል፤ በዚያው ልክ ነበር እሱም ሲነፍገው የኖረው። የሰረቀውን ሰው ሊሞት ሲል ጠርቶ ሱመርሴ የሚል አለ? ምን ማለት እንደሆነ አልገባውም። ነገር ግን አባቱ የተናገረው ቃል ነው።

"የጠፍጣፋው ባለተራ!" አለ በረኛው። "ግባ እንጂ!"

ካምፖ ኤልያስ ጋቢና ወጣ። ሞተሩ ሲነሳ ሰዎቹ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ ለሟቹ ነው፣ እሱም ያውቃል። መኪናዋ ቀስ ብላ በመሃላቸው ስታልፍ ዊልማር መጥቶ እጁን በሯ ላይ ጥሎ አስቆማት። ቀና ብሎ ሳያይ፣

"መንገዱ ዝናብ አለበት" አለ። የበሩን ብረት በመዳፉ ዳበሰ። "ቀስ ብለው ይንዱ።"

ከዚያ እጁን አንስቶ ወደ እናቱ ሄደ።

ኦሊቫ የባሏን ክንድ ያዘች። "ይንዱ አለ" አለችው፤ "ሰሙት?"

"ሰምቻለሁ" አለ ካምፖ ኤልያስ። ማርሹን አስገባ፤ መኪናዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። "በሩ አልታይ አለኝ" አላት። "ሱመርሴ ይምሩኝ።"